ጣሪያ ላይ የተጫነ ድንጋይ ነፋስ አያቆምም

ከጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ሆኖ ደሴን ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ከቆርቆሮው ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው በየጣሪያው ላይ የተጫነው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነው። ነፋስ ጣሪያውን እንዳይወስደው ታስቦ የተደረገ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ድንጋዩ ጣሪያውን አይይዘውም፤ ጣሪያው የተነሳ ዕለት ግን ሰው ላይ ይወድቃል።

ሒሳቡን እንየው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከቆላው ይልቅ ስስ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ9 ኪሎ ግራም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይጫናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 100 ሲገባ ጫናው አራት እጥፍ ያድግና ወደ 38 ኪሎ ይደርሳል። ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ አየሩ ትንሽ ወፈር ስለሚል ወደ 40 ይጠጋል። በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም ሊብስ ይችላል። ቆርቆሮው ራሱ በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ብዙም አያልፍም። 10 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ እንግዲህ የሚይዘው ሩብ ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ጣሪያ ሲገነጠል ብዙ ሰው የቆርቆሮውን መሳሳት ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ግን መጋጠሚያው ነው፤ ቆርቆሮው ከሚመታበት አግዳሚ እንጨት ከሞራሌው፣ ሞራሌው ከሚሸከመው ተዳፋት እንጨት ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው የሚገናኝበት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማጥበቅ ችግሩን ወደ ቀጣዩ ያዛውረዋል። ቆርቆሮው በደንብ ተመትቶ ወራጁ ካልታሰረ፣ የሚበረው ቆርቆሮ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንጨቱን እንደታቀፈ ሙሉ ጣሪያው ይሆናል።

ሚስማሩ ባለ ኮፍያና ባለ ጎማ ሆኖ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃ ያስገባል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። በክፍክፉ፣ በጣሪያው አናትና በሁለቱ ጫፎች ዙሪያ አንድ ጉብታ እየዘለሉ፣ መሐል ላይ ሁለት እየዘለሉ መምታት ነው። ዙሪያውን እንደ መሐሉ አሳስቶ መምታት ትልቁ ስህተት ነው፤ ነፋስ መገንጠል የሚጀምረው ከጠርዝ ነውና። ለስላሳ ሚስማር በቀላሉ ይነቀላል፤ ጠመዝማዛው ይሻላል፣ አቅም ላለው ደግሞ ቪቴ።

ሌላው ጠንቅ እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ትናንት ተቆርጦ ዛሬ የተመታ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ በእርጥብ እንጨት የተሠራ ቤት ከዓመት በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ወቅቱ ጥር ነው፤ የበልጉ ነጎድጓድ ሳይጀምር። ዝገት የማይበላው 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሞራሌው በላይ፣ ከወራጁ በታች ሁለቴ አዙሮ በፒንሳ ማጥበቅ ነው። ሁሉንም ማሰር ካልተቻለ ከዙሪያው ይጀመር። በጭቃ ቤት ወራጁ መታሰር ያለበት ከቋሚው ጋር ነው፤ ግድግዳው አናት ላይ ከተጋደመው እንጨት ጋር ብቻ ከታሰረ እሱም አብሮ ይነሳል። በብሎኬት ቤት ከላይኛው የኮንክሪት ማሰሪያ ውስጥ ፌሮ አስቀርቶ ወራጁ ላይ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ኮንክሪቱ ሳይሞላ መታሰብ ያለበት ነገር ነው።

ክፍክፉ ከግማሽ ሜትር በላይ ባይወጣ ይመረጣል። የበረንዳ ጣሪያ ከዋናው ተለይቶ ቢሠራ፣ ቢገነጠል እንኳ ቤቱን ይዞ አይሄድም። ዲሽ ቆርቆሮ ላይ አይተከልም፤ ግድግዳ ላይ ይታሰር። ባዶ የውሃ ሮቶ ይበራል፤ ባለ 1,000 ሊትሩ ሲሞላ ግን አንድ ቶን ነው፤ ማማው ይህን የሚሸከም ከሆነ ሞልቶ ማቆየት ነው።

ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይለቃል፤ ያ አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይረጫል። ለዚህ ነው ከባዱ ነፋስ ብዙ ጊዜ ዝናቡን የሚቀድመው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ድንገት ቀዝቅዞ አቧራ ከተነሳ፣ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣት ሞትን መጥራት ነው። ልጆችን ከግንብ አጥርና ከባህር ዛፍ ሥር አርቆ ቤት ማስገባት ይቀድማል። ደሴንና ኮምቦልቻን በሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ወይም ባዶ አይሱዙ ዛፍ ከሌለበት ቦታ ጥግ ይዞ ይቁም።

በርና መስኮት ይዘጋ። ነፋስ በአንድ በኩል በሩን በርግዶ ከገባ፣ ከውጭ የሚስበውን ጣሪያ ከውስጥም ይገፋዋል። «መስኮት ክፈት፣ ያልፋል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። በሩ ሲዘጋ ግን የከሰል ምድጃው ይጥፋ፤ በደሴ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ ቤት መዝጋት ቤተሰቡን ለካርቦን ሞኖክሳይድ መስጠት ነው። ብሬከሩም ይውረድ።

ካለፈ በኋላ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ይቆጠር። ቢያንስ 10 ሜትር መራቅና ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ 905 መደወል ነው።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች መሠረቱን እንደሚያዩ ሁሉ የጣሪያውን ማሰሪያም ይዩ፤ በተለይ የትምህርት ቤቶችን። ለአሮጌው ቤት ግን የቅርቡ ድርጅት ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ እድር ነው። ድንኳንና ድስት ያለው ቅሬ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ሁለት ፒንሳና አንድ ደህና መሰላል መግዛት አያቅተውም። ጥር ላይ አናጺ ይዞ በየቤቱ ይዙር፤ ሲጀምርም ልጅ ከሌላቸው አዛውንቶችና ብቻቸውን ከሚኖሩ እናቶች ቤት ይጀምር። ሽቦው ሲታሰር ድንጋዩን በዚያው ያውርዱት።