የተሰረቀውን ብስክሌት የሚገዛው ማን ነው?

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። በከተማችን የሚሰረቀው ብስክሌት ሁሉ የት ይገባል? ጣና አይውጠው፤ ሌባውም አይበላው። የሚገዛው ሰው አለ። ገዢው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ባዳ አይደለም፤ ከእኛው ጋር የሚያመሽ፣ ከእኛው ጋር ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሳለም የእኛው ሰው ነው።

ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም እዚህ የመዝናኛ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ ግቢ ለሚመላለሰው ተማሪ፣ ከአባይ ማዶ ተነሥቶ ወደ ሥራ ለሚገባው ግንበኛ፣ ሌሊት ለሚጠብቀው ዘበኛ መጓጓዣው እርሱ ብቻ ነው። ብስክሌቱ የተወሰደበት ግንበኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀን ደመወዙ ቆርሶ ለባጃጅ ይከፍላል፤ ካልቻለም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በእግሩ ይኳትናል። በርካሽ ገዛሁ ብለህ ደስ ያለህ ወንድሜ፣ የጎደለውን ሒሳብ የሚከፍልልህ እርሱ ነው።

ዋጋው ከገበያው ግማሽ እንኳ የማይሞላ ብስክሌት ሲቀርብልህ፣ ሻጩ ደረሰኝ የለኝም ሲል፣ ግራ ቀኙን እየቃኘ ቶሎ እንድትጨርስ ሲያጣድፍህ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ልብህ ያውቀዋል። «እኔ አልሰረቅሁም፤ በገንዘቤ ገዛሁ» የሚለውን ሰበብ ሕጉም አይቀበልህም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛን፣ የሚደብቅን ወይም የሚሸጥን ሰው ራሱን በቻለ ወንጀል ይቀጣዋል፤ ቅጣቱም እስከ እስራት ይደርሳል።

እናንተም ብስክሌት ጠጋኞች፣ ስሙኝ። አብዛኞቻችሁ በላባችሁ የምታድሩ ናችሁ። ግን ደኅና ቀለም ያለውን ብስክሌት ሌላ ቀለም ቀባልኝ የሚል፣ ወይም ብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ሞርደህ አጥፋልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ ሥራውን መቀበል ከሌባው ጋር መካፈል ነው። «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሌባ ብስክሌቱን የሚወስድበት ያጣል።

ባለብስክሌቶች ደግሞ ከወቀሳ አታመልጡም። የወር ደመወዝ ያወጣችሁበትን ንብረት በቀጭን ሽቦ አስራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ያን ሽቦ አንድ ፒንሳ በቅጽበት ይቆርጠዋል። ወፍራም ሰንሰለት ከጠንካራ ተንጠልጣይ ቁልፍ ጋር፣ ወይም ቅስት ሆኖ የታጠፈውን የብረት ቁልፍ ግዙ። የፊት ጎማውን ብቻ የሚያስር ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው ጎማውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋናውን የብረት አካል ከኋላ ጎማው ጋር አጣምራችሁ፣ ከማይነቀል ምሰሶ ወይም አጥር ጋር እሰሩ። ከላዩ መዝዞ ማውጣት ከሚቻልበት አጭር ምሰሶ ጋር ማሰር ዋጋ የለውም። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይዘርጋ፤ መሬት የነካ ቁልፍ በመዶሻ ለመምታት ይመቻል። «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ሳይቆልፉ ሱቅ መግባትን ተዉ። ሌሊት ደግሞ ብስክሌቱን ከግቢም አልፋችሁ ቤት አስገቡት፤ ጠባብ ነው አትበሉ።

የተቆለፈ ብስክሌት በትከሻው ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አይተን «ምናልባት ቁልፉ ጠፍቶበት ይሆናል» እያልን የምናልፍ መንገደኞችስ? ጠይቁት እንጂ። ባለቤቱ ከሆነ ስለጠየቃችሁት ያመሰግናችኋል። ሌባ ከሆነም ያዙና ለፖሊስ አስረክቡ፤ ተረባርቦ መደብደብ ግን ነውር ነው፣ ወንጀልም ነው። በስሕተት የተጠረጠረ ልጅ በድንጋይ ቢጎዳ በብስክሌት የምንመልሰው ነገር አይደለም።

ፖሊስ የተያዘ ብስክሌት አግኝቶ ባለቤቱን ለይቶ መስጠት የሚያቅተው በእኛው ቸልተኝነት ጭምር ነው። «ጥቁር ነው፣ ኮርቻው ትንሽ ተቀዷል» የሚል ምልክት ለስንት ብስክሌት ይሆናል? ዛሬ ማታ ብስክሌታችሁን ገልብጡት። በብዙዎቹ ላይ ፔዳሉ ከሚዞርበት ቦታ ሥር የተቀረጸ ቁጥር አለ። ጭቃውን ጠርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉት፤ ከነብስክሌቱ ፎቶ አንሥታችሁ ከግዢ ደረሰኙ ጋር ቤት አስቀምጡ። በስልክ ብቻ አትተማመኑ፤ ስልክም ይሰረቃልና በወረቀትም ይኑራችሁ። ቁጥር የሌለው ከሆነ ስማችሁን ወይም የራሳችሁን ምልክት በማይታይ ቦታ ብረቱ ላይ አስቀርጹ።