ሙገሳው በስድብ ሲመጣ

መጽሐፉ ታርሞ፣ ሌይአውቱ (የገጽ ቅንብሩ) አልቆ፣ ሽፋኑ ብቻ ሲጠበቅ አንድ ኢሜይል ይገባል። ረቂቁ ተልኮለት የነበረ ስመ ጥር ደራሲ ለጀርባ ሽፋን የሚሆን ምስክርነት ጽፏል። ሞቅ ያለ ምስክርነት ነው፤ ሞቅታው ግን መሐል ላይ ሽማግሌ ፊት የማይነገር ቃል አስወጥቶታል። አሳታሚው እየሳቀ ያነበውና ወዲያው ይጨነቃል፦ እንዳለ ይተወው፣ ያውጣው ወይስ በኮከብ ምልክት ይሸፍነው?

ከሦስቱ መጥፎው ሦስተኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም እሱ ነው።

እኔ ቃሉ ከሽፋኑ ይውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። የጨዋነት ጠበቃ ሆኜ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ እንዳሻው ይሳደብ፤ አንባቢው ከፍሎ፣ ገጹን ገልጦ የገባበት ዓለም ነው። ሽፋንን ግን ያልገዛውም፣ ሊያነብ ያልፈለገውም ያየዋል። ደግሞም ምስክርነት የራሱ ሥራ አለው፤ መጽሐፉን ምን ዓይነት አንባቢ እንደሚወደው በሃያ ቃል መናገር። ጸያፉ ቃል ይህን ሥራ አይሠራም፤ ሌሎቹ ቃላት እንዳይሠሩም እንቅፋት ይሆናል።

ቦታውን በልኬት እንየው። 14 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጽሐፍ ከአራቱም ጠርዝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲተውለት የጀርባ ሽፋኑ 12 በ19 ይቀረዋል። ባርኮዱ ወደ 5 በ3 ይወስዳል። ከ120 እስከ 150 ቃል ያለው ማስተዋወቂያ፣ የደራሲው ፎቶና አጭር የሕይወት ታሪክ ሲገቡበት ለምስክርነት የሚተርፈው ቦታ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱም ከ15 እስከ 25 ቃል። በሃያ ቃል መሐል አንድ ስድብ ካለ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ሲመልስ የሚያስታውሰውም የመስካሪውን ስም ወይም የመጽሐፉን ጉዳይ ሳይሆን ያችኑ ቃል ነው። የፊት ሽፋን ላይ ሲሆን ይብሳል፤ እዚያ ከአምስት እስከ ስምንት ቃል ብቻ ነው የሚገባው።

ቃሉ እንዴት እዚያ ሊደርስ ቻለ ቢባል፣ አንደኛው ምክንያት የሙገሳ ዋጋ መርከሱ ነው። «ድንቅ»፣ «ልብ አንጠልጣይ»፣ «ከእጅ የማይወርድ» በየሽፋኑ ከመደጋገማቸው የተነሳ ማንም አያምናቸውም፤ ስለዚህ መስካሪው ሰው ይሰማኛል ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቀልደኛ ጄሌት በርጀስ የሽፋን ሙገሳ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን «ብለርብ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው፣ ሚስ ብለርብ የተባለች ሴት እየጮኸች መጽሐፍ ስታሞግስ በሚያሳይ የፌዝ ሽፋን ላይ ነበር። ነገሩ ስም ሲወጣለትም መሳለቂያ ነበር ማለት ነው። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካው አሳታሚ የሳይመን ኤንድ ሹስተር ዋናው የኅትመት ክፍል ከእንግዲህ ደራሲዎቹን ምስክርነት አሰባስቡ ብሎ እንደማያስገድድ አስታውቋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቃሉ ለሽፋን ተብሎ አለመጻፉ ነው። ሰው ለወዳጁ በስልክ መልእክት ወይም በማኅበራዊ ገጹ የጻፈውን አሳታሚው ያገኘውና «ይኼማ ሽፋን ላይ መውጣት አለበት» ይላል። ይህም የቆየ ልማድ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤመርሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ለገጣሚው ዋልት ዊትማን የግል የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ዊትማን በማግስቱ ዓመት የግጥም መድበሉን ሁለተኛ እትም ሲያወጣ ከደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ቀንጭቦ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጎን ላይ ከነኤመርሰን ስም በወርቅ ቀለም አሳተመው። ፈቃድ አልጠየቀም። ዓረፍተ ነገሩ ጨዋ ነበርና ጉዳቱ ከቅሬታ አላለፈም። ያው መንገድ ዛሬ ሰውዬው ለጓደኛው የተሳደበውን ስድብ ይዞ ሲመጣ መዘዙ እንዴት እንደሚሰፋ አስቡት።

ጸያፍ ቃል ያለበት ምስክርነት በእጃችሁ ካለ ቃሉን ሰርዛችሁ ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡት። «እንዲህ ያለ የተረገመ ምርጥ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም!» የሚለው «የተረገመ» ሲወጣለት ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያውም ስለ መጽሐፉ ምንም አልተናገረም። ቃሉ ያንን ባዶነት ነበር የሸፈነው። አሁን ይህን ተመልከቱ፦ «ምዕራፍ ሰባት ላይ ደራሲውን ጮክ ብዬ ሰደብኩት፤ ገዳዩን ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ ሁለቴም አላየሁትም።» እዚህ ላይ ስድብ አልታተመም፤ መሳደቡ ነው የተነገረው። የመስካሪው ሞቅታ አልጠፋም፤ በዚያ ላይ መጽሐፉ የወንጀል ታሪክ መሆኑን፣ ደራሲውም ፍንጩን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያታልል ብልጥ መሆኑን አንባቢው ዐውቋል። ለመስካሪ ምክር ስጡ ብባል የምሰጠው ይህን ነው፦ ያስሰደበዎት ገጽ የትኛው ነው? እሱን ይንገሩን።

በአማርኛ ሲሆን ተጨማሪ ችግር አለ። እንግሊዝኛ ጸያፍ ቃሉን «በጣም» በሚለው ቦታ ያስገባዋል፤ ማንንም ሳይነካ ቅጽሉን ብቻ ያጎላለታል። የአማርኛ ስድብ ግን ሰው ይፈልጋል፤ አንተን፣ እናትህን ወይም ዘርህን ካልያዘ አያርፍም። ሽፋን ላይ ሲቀመጥ በቅርብ የሚያገኛቸው ሰዎች ደራሲውና አንባቢው ናቸው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ምስክርነት ላይ «የተረገመ ጥሩ» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ቋንቋ ማጣት ነው፤ ርግማኑ እውነተኛ ርግማን ሆኖ ይቀርና ሙገሳው ይጠፋል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ጉልበት አለው፤ «ጉድ ነው»፣ «አፌን ይዤ ቀረሁ»፣ «ይሄ ሰውዬስ ሰይጣን ነው» ይላል። የመጨረሻው እንኳ እንደ መጽሐፉ ጉዳይ ታይቶ የሚገባ ነው፤ በመንፈሳዊ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ማንም አይሞክረውም።

ኮከቡ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ባለአራት ፊደሉ የእንግሊዝኛ ቃል አናባቢው በኮከብ ሲተካ ሦስቱ ተነባቢዎች ይቀሩና ሁሉም ሰው ያነበዋል፤ ምንም አልተደበቀም፣ መደበቁ ብቻ ታየ። በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚሄደው። ከሦስት ሆሄ አንዱን ስትሸፍኑ የቃሉ ሲሶ ጠፋ፤ አንባቢውም በክፍተቱ የመጣለትን ሁሉ እየሞላ ይገምታል። ግምቱ መስካሪው ከጻፈው ሊብስ ይችላል። ባለሁለት ሆሄ ቃል ሲሆን ከነጭራሹ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። የ@ እና የ# ድርድሩም ለካርቱን ጥሩ ነው፤ በተከበረ ሰው ስም ላይ ግን የኅትመት ስሕተት ይመስላል።

ሦስት ነጥብስ? ከኮከብ ይሻላል ብላችሁ «ይህ … መጽሐፍ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም» ብላችሁ አሳተማችሁ እንበል። ነገረኛ አንባቢ ሽፋን ላይ ሦስት ነጥብ ሲያይ የተቆረጠው ወቀሳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ክፍተቱን «አሰልቺ» ብሎ ይሞላዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱንም በዚያው ይተረጉመዋል። ሙገሳ ይዛችሁ ገብታችሁ ሐሜት ይዛችሁ ወጣችሁ።

ምስክርነቱ ወረቀት ላይ ብቻ እንደማይቀርም አይዘንጋ። አሳታሚዎች የመጽሐፍ መረጃ በሚለዋወጡበት ኦኒክስ በተባለው ደረጃ ምስክርነት ከማስተዋወቂያው ተለይቶ የራሱ ቦታ አለው፤ አንድ ጊዜ ከተላከ በየኦንላይን መደብሩ ይራባል። የጉግል የማስታወቂያ ደንብ ጸያፍ ቃል የያዘ ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ የጀርባ ሽፋኑን ፎቶ ለማስታወቂያ ስትጠቀሙ ለቃሉ ሲባል ማስታወቂያው በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ከታተመ በኋላ መጸጸት ደግሞ ውድ ነው። ጠንካራ ሽፋን ከነጃኬቱ (ከላይ ከሚለብሰው ተነቃይ ወረቀት ጋር) ከሆነ ጃኬቱን ብቻ አትሞ መቀየር ይቻላል። በሙጫ የተያዘ ለስላሳ ሽፋን ከሆነ ግን ሽፋኑ ተልጦ፣ ሌላ ተለጥፎ፣ መጽሐፉ እንደገና መከርከም አለበት፤ በክርከማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ኅዳግ ይሄዳል፣ ከውስጥ ኅዳጉ ጠባብ የነበረ መጽሐፍም አስቀያሚ ይሆናል። ተለጣፊ ወረቀት መለጠፍ ርካሽ ነው፤ ግን ማን ነው ተለጥፎ ያየውን ሳይልጥ የሚያልፍ?

በሽፋንና በይዘት መካከል ያለውን ልዩነት ፍርድ ቤትም ዐይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዟ ኖቲንግሃም አንድ የሙዚቃ መደብር ኃላፊ ሴክስ ፒስትልስ የተባለውን የእንግሊዝ የፓንክ ሙዚቃ ባንድ አልበም ሽፋን በመስኮቱ በመስቀሉ ተከሰሰ። ክሱ የቀረበው ሸክላው ስለያዘው ዘፈን አልነበረም፤ በአደባባይ ስለታየው የርእሱ ጸያፍ ቃል ነበር፤ የተጠቀሰውም ነውረኛ ማስታወቂያን የሚከለክለው የ1889 ሕግ ነው። የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ቀርበው ስለ ቃሉ ጥንታዊ አመጣጥ መሰከሩ፣ ኃላፊውም ነጻ ወጣ። ነጻ መውጣቱ ደግ ነው። ግን አስተውሉ፤ መስኮት ላይ ለወጣው ቃል ፍርድ ቤት ቆሞ መልስ የሰጠው ሻጩ ነው። ሽፋን ላይ ስድብ የሚያወጣ አሳታሚም የሚያሸክመው መጽሐፍ ሻጩን ነው።

«እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ተሸጠዋል እኮ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ርእሱ ስድብ የሆነ የፍልስፍና ጽሑፍ አሳትሞ ተቸብችቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ የራስ አገዝ መጽሐፍም የርእሱን ጸያፍ ቃል በቀለም ጠብታ ሸፍኖ በሚሊዮኖች ተሸጧል። ሁለቱም ግን ርእሶች ናቸው። ደራሲውና አሳታሚው አውቀው፣ ስንት አንባቢ እንደሚያጡ ገምተው የገቡበት ነው፤ ጠብታውም ከጅምሩ የንድፉ አካል ነው። ምስክርነት ላይ ያለ ስድብ የሌላ ሰው ነው፤ መጽሐፉ በዚያ ቋንቋ አይናገር ይሆናል። አንባቢው በጀርባው ድምፅ ተስቦ ገዝቶ ውስጡ ሌላ ድምፅ ሲያገኝ ተታለልኩ ይላል፤ አልተሳሳተምም። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በዚያው አንደበት የሚናገር ከሆነ ግን ምስክርነቱ ሙሉውን፣ ያለ ኮከብ፣ በውስጠኛው የምስክርነት ገጽ ይግባ። የልግጫ መጽሐፍ ሆኖ ርእሱም ያንኑ ቃል ከያዘ ጀርባው ላይ ቢወጣም አልከራከርም።

ያለ ፈቃድ ማረምስ? ቃሉን ራሳችሁ አውጥታችሁ የቀረውን በጥቅስ ምልክት ካሳተማችሁ፣ ሰውዬው ያላለውን አለ እያላችሁ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የምስክርነት መመሪያ ቃል በቃል መጥቀስን ግዴታ አያደርግም፤ ማስታወቂያው የሰውዬው የራሱ ቃል ነው ካለ ግን የራሱ ቃል መሆን አለበት፣ ሐሳቡም እንዳይዛባ ያዝዛል። የጥቅስ ምልክት ደግሞ «የራሱ ቃል ነው» ማለት ነው። ስለዚህ የታረመው ጽሑፍ፣ ስሙና ማዕረጉ እንዴት እንደሚጻፍ ጭምር፣ በጽሑፍ ይጽደቅ። የጸደቀው በአንድ ፋይል ብቻ ይቀመጥ፤ ሽፋን ሠሪው፣ መረጃ አስገቢውና የማኅበራዊ ገጽ ሠራተኛው ሁሉ ከዚያ ይውሰዱ። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሽፋኑ ታርሞ ሳለ ማስታወቂያ ሠሪው የመጀመሪያውን ኢሜይል ከፍቶ ሲቀዳ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ችግሩ ሳይመጣ መከላከል ነው። ረቂቁ ከኅትመቱ ሦስት አራት ወር ቀድሞ ሲላክ የቃላቱ ብዛት (50 ተቀብሎ 25 መምረጥ ይበቃል)፣ የት የት እንደሚወጣና ቋንቋው አብሮ ይነገር። አስቀድሞ ካልተነገረ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የላኩልንን አስተያየት በደስታ ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን። ሽፋኑ በመስኮትና በማስታወቂያ ላይ ስለሚወጣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችውን ቃል እዚያ ማውጣት አልቻልንም። ያለ እርስዎ ፈቃድ አንነካም። ቃሏ ወጥታ የቀረውን ከዚህ በታች ጽፈናል፤ ካልተስማማዎት እንዲያ ያስባለዎትን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ደስ ይለናል። እንዳለ እንዲቆይ ከፈለጉም በውስጥ ገጽ እናወጣዋለን።»

«ቃሌ ከወጣ ስሜም ይውጣ» ካሉ ይውጣ። ለማስተዋወቂያው 25 ቃል ይተርፍለታል።