ባለሙያ ወንበር እየቆጠረ እስከ መቼ?

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ መሥሪያ ቤት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት አለብኝ ካለ ቢሮው ተዘጋ በሉት። አንዱ ባለሙያ ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ ሌላው ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞራል፣ ሦስተኛው ባነር ማተሚያ ቤት ደጅ ይጠናል፣ አራተኛው በምሳ ዋጋ ይከራከራል። አራት ሰው ለ10 የሥራ ቀን ማለት 40 የሥራ ቀን ነው፤ የአንድ ሰው ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው! ከመንዝ ድረስ ለጉዳዩ የመጣ ገበሬ "ባለሙያው ለስብሰባ ዝግጅት ወጥቷል" ተብሎ ይመለሳል። ያማል እኮ!

ዝግጅቱን ለአዘጋጅ ድርጅት ስጡት ሲባሉ ኃላፊዎቹ "ብር ይባክናል" ይላሉ። የአዘጋጁ ዋጋ በደረሰኝ ስለሚታይ ነው ውድ የሚመስለው፤ የባለሙያው ቀን ግን የትም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

የሚሰጡትም ቢሆኑ ውሉን ያበላሹታል። "ለ80 ሰው ምሳና ሻይ ቡና" ብሎ ነገር ምንድን ነው? ለሁለቱ ቀን 160 ምሳ፣ ጠዋትና ከሰዓት 320 ሻይ ቡና ተብሎ ይጻፍ እንጂ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾሙ ስንት፣ ፍስኩ ስንት እንደሆነ ይለይ። ጀነሬተር "አለ" መባሉም አይበቃም፤ ነዳጁን ማን ይሞላል፣ ማንስ ያስነሳዋል? መብራት ሲጠፋ ቁልፍ የያዘው ሰው ተፈልጎ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አዘጋጅ 130 ኪሎ ሜትሩን በዕለቱ ጠዋት እመጣለሁ ካለ አትስሙት፤ ድምፅ ማጉያው በዋዜማው ተተክሎ መሞከር አለበት። ብርዱንም ንገሩት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በስስ ልብስ የመጣ ሰው በታኅሣሥ ጠዋት የሚንቀጠቀጠው ትኩስ ነገር እስከ ዕረፍት ሰዓት ስለማይቀርብ ነው፤ ሻዩ ምዝገባው ጋ ይጠብቀው።

ከሁሉ የሚብሰው የአዛዥ ብዛት ነው። ኃላፊው ባነር ያስቀይራል፣ ፋይናንስ ቁጥር ያስቀንሳል፣ አዘጋጁ ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። አንድ ሰው በደብዳቤ ይወከልና ሌላው እጁን ይሰብስብ። የተሳታፊ ቁጥርም ከ3 ቀን በፊት ይቆረጥ። 80 ታዝዞ 60 ከመጣ ሂሳብ ሲወራረድ የተሳታፊው ፊርማ 60፣ ምሳው 80 ይሆናል፤ ኦዲተር ፊት የሚቆመው ያው ምስኪን ባለሙያ ነው። ሙሉ ክፍያም አስቀድሞ አይለቀቅ፤ ቀሪው የቀረበው ተቆጥሮ ይከፈል።

ይዘቱና የተጋባዥ ዝርዝሩ እዚያው መሥሪያ ቤት ይቅር፤ ከየወረዳው ማን መጠራት እንዳለበት አዘጋጁ ከየት ያውቃል? ወንበሩንና ድስቱን ግን እባካችሁ ከባለሙያው ትከሻ ላይ አውርዱለት።