አቤቱታችሁ ቁጥር አለው ወይ?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ቁጣችሁን የምታፈሱት ፌስቡክ ላይ ነው። ውሃው ሌሊት ሲመጣ ደግሞ ጀሪካኑን ሞልታችሁ ነገሩን ትረሱታላችሁ። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሲጠየቅ «ከዚያ ሰፈር የቀረበ ቅሬታ የለም» ቢል መዝገቡ ይመሰክርለታል። «ዝም አይነቅዝም» የተባለው ለቧንቧ ውሃ አይደለም።

የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ከአቃቂ ጉድጓዶች ጋር ተደምረውም ለከተማው አልበቁም፤ ፈረቃ የመጣው ለዚህ ነው። እጥረትን መታገሥ ያባት ነው። ፈረቃው ለምን እንደተዘለለ አለመጠየቅ ግን ትዕግሥት አይባልም። «መብራት ጠፍቶ ነው» ስትባሉ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ትመለሳላችሁ። የጉድጓድ ውሃ የሚወጣው በፓምፕ ስለሆነ ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ የትኛው ጣቢያ ነው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ቆመ? የቀረው ፈረቃ መቼ ይካካሳል? እነዚህን ያልመለሰ ማስታወቂያ ምንም አልነገራችሁም።

«ውሃ ከጠፋ ወር ሆነን» የሚል አቤቱታ ማንም ሊመረምረው አይችልም። የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ የፈረቃ ቀናችሁን፣ ውሃው የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት፣ የዕለቱን የቆጣሪ ንባብ ጻፉ። ጎረቤት ማግኘት አለማግኘቱንም ጨምሩ፤ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው። ጎረቤት እያገኘ እናንተ ብቻ ከደረቃችሁ ችግሩ ከቆጣሪያችሁ ወይም ወደ ግቢያችሁ ከሚገባው መስመር ነው። መንገዱ በሙሉ ከደረቀ ከቫልቭ ወይም ከዋናው መስመር ነው። የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሡ፤ በስልክ ከሆነም ሳይነገራችሁ አትዝጉ።

በቢሉም እንደዚሁ ናችሁ። ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ብሩን እንጂ ንባቡን የሚያይ ጥቂት ነው። በሩ ተዘግቶበት ወይም ቆጣሪው በአሸዋና በዕቃ ተሸፍኖበት አንባቢው በግምት ከጻፈ፣ ሳይቆጠር የቀረው ሁሉ አንድ ወር ላይ ይከመራል። ታሪፉ በእርከን ስለሚያድግ በየወሩ ቢከፋፈል በዝቅተኛው ዋጋ የሚያልፈው ውሃ በከፍተኛው ይታሰባል። በየወሩ የቆጣሪውን ፎቶ አንሡ፤ ቢሉ ላይ ካለው የአሁን ንባብ ጋር አስተያዩት። ከመክሰሳችሁ በፊት ደግሞ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ትንሿን መዘውር ተመልከቱ። ከዞረች ውሃው የሚፈሰው እናንተው ግቢ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሽንት ቤቱ ታንከር ወይም ከሮቶው ተንሳፋፊ።

መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ስታዩ ዘላችሁት ታልፋላችሁ። 20 ሊትር ጀሪካን በ2 ደቂቃ የሚሞላ ፍሳሽ በቀን 14,400 ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለነፍስ ወከፍ 80 ሊትር ቢጠቀም በወር የሚያስፈልገው 12,000 ሊትር ነው። ፎቶውን፣ ሰዓቱንና በቅርብ ያለ ምልክት ይዛችሁ አመልክቱ፤ አስፋልቱ ተቆፍሮ የተጠገነበትንም ቀን መዝግቡ፣ ያው ቦታ ደግሞ ሲፈነዳ ይጠቅማችኋል።

ለቫልቭ ከፋች በጎን እየሰጣችሁ ፈረቃ የምትገዙ ሰዎች ስለ ተጠያቂነት ባታወሩ ይሻላል። የገዛችሁት የታችኛውን ሰፈር ፈረቃ ነው። ፓምፕ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር የምታገናኙትም እንዲሁ። ግፊቱ ሲወርድ መስመሩ በየስንጥቁ ከውጭ ይስባል፤ አጠገቡ የፍሳሽ ቱቦ ካለ የሚገባው እሱ ነው። ውሃው መጀመሪያ በራሱ ግፊት ወደ መሬት ታንከር ይግባ፣ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማመልከቻው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይገባል፣ ምላሹም ከ30 ቀን ማለፍ የለበትም። ደርዘን አባወራ ፈርሞ ይህን ይጠይቅ፦ የሰፈራችን ፈረቃ ስንት ቀንና ስንት ሰዓት ነው? ባለፉት ሦስት ወራት ስንቱ ተዘለለ፣ በምን ምክንያት? ቫልቩን የሚከፍተው የትኛው ክፍል ነው? ቅጂው ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ይደረግበት። 30 ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም ዝም ካለ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ ያኔ የምትይዙት ያንኑ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ነው።