አንድ ዙር ጨምሪበት

ደሴ ላይ ኪሮሽ የያዘች ሴት ብቻዋን አትሠራም። መርፌውን የምትይዘው እሷ ናት፤ ሥራውን የሚመራው ግን ሰፈሩ ነው። እጅ አንድ፣ አፍ እልፍ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ዳንቴል ማለት ነጭ ክርና ቀጭን መርፌ ነው፣ አለቀ። የሚሠራውም ለዕቃ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይለብሳል፣ ፍሪጁ ይለብሳል፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ይለብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ እኛ በጋቢ ስንንቀጠቀጥ፣ ፍሪጅ ደርቦ ለብሶ መቆሙ ማንንም ገርሞት አያውቅም። ብቻ ዳንቴል ልክ ነበረው። ቴሌቪዥኑን ከሸፈነ በቃ። ማንም "ለቴሌቪዥኑ ትንሽ ዘርፍ ጨምሪለት" ብሎ ነገር አያራዝምም።

አሁን የመጣው ሌላ ነው። ባለ ማዕዘን ብርድ ልብስ፣ ከመሃል ተነስቶ በዙር የሚያድግ። ባለቤቴ ስልኳ ላይ አየችውና ተለከፈች። አጠገቧ ተቀምጬ እንዳየሁት ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ጥቂት ሰንሰለት ትሠራና ጫፍና ጫፉን ታገናኘዋለች፤ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ረዘም ያሉ ቋጠሮዎች አራት ቦታ ላይ ትሠራለች፤ ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ቡድን እንበላቸው። በየመሃላቸው ትንሽ ሰንሰለት ትተዋለች፤ እሱ ማዕዘን ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ቡድን ይገባል፣ ስምንት ይሆናል። ከዚያ አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥራ ስድስት። በየዙሩ አራት እየጨመረ፣ ቀለም እየቀያየረ ይሄዳል።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። በዙር የሚሠራ ነገር እያንዳንዱ ዙር ሲዘጋ ሙሉ ነው። አሁን ብታቆሚው የትራስ ልብስ ነው። ትንሽ ቆይተሽ ብታቆሚው የሕፃን ማቀፊያ ነው። ሁልጊዜ ያለቀ፣ ሁልጊዜ ያላለቀ። መቼ ይቁም የሚለውን የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል፤ ደሴ ደግሞ ወሳኝ ሞልቷል።

አቦሉ ሲቀዳ የላይኛዋ ጎረቤታችን ጫፉን ትይዝና፣ "ማሻአላህ! እጅሽ ይባረክ። ግን አንድ ዙር ብትጨምሪበት" ትላለች።

ቶናው ላይ ሌላዋ፣ "ቀይ አስገቢበት እንጂ! ያለ ቀይ ምን ያምራል?"

በረካው ላይ ሦስተኛዋ፣ "ቀዩ ከቢጫና ከአረንጓዴው ጎን ለጎን እንዳይመጣ ብቻ። ዘንድሮ ብርድ ልብስም ያስጠይቃል።"

ክርክሩ ቡናው ካለቀ በኋላም በር ላይ ቆሞ ይቀጥላል። አንዷ ደግሞ የብርድ ልብሱን ስፋት አይታ ልጃችን ልትዳር ነው ብላ ሆጤ ሰፈር ድረስ አውርታለች። ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ናት።

የቁጥር ነገር አይለቀኝምና በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ደመርኩት። ብርድ ልብሱ 40 ዙር ይኖረዋል እንበል። 20ኛው ዙር ላይ ስትደርስ ጎረቤቶቻችን "ግማሽ ገባሽ፣ አብሽሪ!" ብለው አጨበጨቡላት። እስከዚያ የተሠራው 840 ቡድን ነው። 40ው ሲሞላ ግን 3280 ነው። ግማሽ ብለው ያጨበጨቡት ሩብ አካባቢ ላይ ነበር ማለት ነው። ክሩም የሚያልቀው በዚያው ልክ ነው። እና በ40ው ላይ "አንድ ዙር ብቻ" ሲሉ 164 ቡድን፣ ማለትም 492 ቋጠሮ እያዘዙ ነው። ከእነሱ የሚወጣው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ይህን ቡና ላይ አነበብኩላቸው። "አይ አንተ ደግሞ! አንድ ዙር እኮ ነው ያልነው" ብለው ዝም አሰኙኝ።

ከሁሉም የምትሻለው ጥግ ላይ የምትቀመጠው እማማ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስንደዶና አክርማ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ኪሮሽ በእጇ ይዛ አታውቅም። አንድ ሰሞን ባለቤቴ ተከታታይ ድራማ እያየች ስትሠራ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ቡድን ማስገባቱን እየዘነጋች በአንድ ታልፈው ነበር። ብርድ ልብሱ መሃሉ እየጎደጎደ፣ ዳሩ ወደ ላይ እየተነሳ መጣ። ስልኳን ብትጠይቅ አንዱ መርፌ ቀይሪ አላት፣ ሌላው በእንፋሎት ካውያ ተኩሺው። እማማ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና፣ "ማዕዘኑን አስርበሽዋል" አለች።

በቃ። ሰፌድ ዝርግ የሚሆነው ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱም ሲበዛ ነው አለች። ከነፈጉት ይቆምና ሙዳይ ይሆናል። ካበዙለት ደግሞ ዳሩ ይጨማደዳል። ኪሮሹም ሕጉ ያው ነው፤ እማማ ያንን ያወቀችው በወስፌ ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ፍቺው።"

ኪሮሽ ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጫፉን ከሳቡት የወር ልፋት እየተንጣጣ ይወርዳል። ባለቤቴ ስትስብ እኔ ክሩን ስጠቀልል፣ ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዝም አሉ። የዚያን ቀን ዙር ጨምሪ ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሰማያዊው ክር አለቀ። አንድ ሱቅ ገብታ ናሙናውን አሳየች፤ ባለሱቁ "ያው ነው እህቴ" አላት። ያው አልነበረም። ክር በአንድ ጊዜ ካልተነከረ መልኩ ትንሽ ይለያያል፤ ለዚህም ነው መጠቅለያው ላይ ቁጥር የሚጻፍበት። ሱቁ ውስጥ አንድ የነበረው ሰማያዊ ጓሮ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሁለት ሆነ። ጎረቤቶቻችን "ሆን ብላ ነው፣ ዲዛይን ነው" ብለው አደነቁላት። እሷም አላረመቻቸውም።

ግን እነዚህ ሁሉ ቀላል ናቸው። ከባዷ "ክሩን እኔ እገዛለሁ" የምትለዋ ናት።

መኪናችሁ ሲበላሽ መለዋወጫ ገዝታችሁ ጋራዥ ትወስዳላችሁ፤ መካኒኩ የእጁን ይጠይቃል፣ ትከፍላላችሁ። ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ የእጁን ይጠይቃል፣ ተከራክራችሁም ቢሆን ትከፍላላችሁ። ቤቷ ተቀምጣ ኪሮሽ የምትሠራ ሴት ግን እጅ የላትም። እሷ "ጊዜ እያሳለፈች" ነው። እንዲያውም ክር ሲገዛላት ውለታ ተውሎላታል፤ የምታሳልፍበት ነገር ተገኘላት።

አክስቴ ከኮምቦልቻ የመጣችው ለዚሁ ጉዳይ ነበር። ኮምቦልቻ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ሹራብ ማውለቅ ትጀምራላችሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራበት ከተማ ሰው፣ ሌሊቱን በአንሶላ የሚያድር ሰው፣ ብርድ ልብስ ፍለጋ በሚኒባስ ዳገት ወጣ። የአክስቴን እውነት ለመናገር ፋብሪካ ሹራብ ይፈበርካል እንጂ ይህን አያወጣላትም፤ ኪሮሽ ዛሬም የሰው እጅ ሥራ ነው። እንደ ደረሰች ጋቢዬን ወስዳ ተከናነበች። ብርድ ልብሱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ለእኔም እንዲህ ያለ ሥሪልኝ። ለአልጋ አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ ሶፋው ላይ ጣል የማደርገው። ክሩን እኔ እገዛለሁ።"

ባለቤቴ መርፌዋን አላቆመችም። "አይ እትዬ፣ ክሩንማ እኔ ነኝ የምገዛልዎት። የወደዱትን ቀለም ይምረጡ። እርስዎ ደግሞ ይሠሩታል።"

አክስቴ ሳቀች። "ዐይኔ መቼ ያያል?"

"መነጽር እንገዛለን።"

"ወገቤስ?"

"ትራስ አለ።"

የላይኛዋ ጎረቤታችን ነገሩ አላማራትም። "እንዴት ለእንግዳ እንዲህ ይባላል? 40 ዙር ምን አላት?"

ባለቤቴ ይሄኔ አቆመች። መርፌውንና አንድ ጥቅል ክር አንስታ ጎረቤታችን ጭን ላይ አስቀመጠች። "እሺ፣ አንቺ ጀምሪላቸው።"

"ወይኔ ወጤ! እሳት ላይ ጥጄ እኮ ነው የመጣሁት" ብላ ነጠላዋን እያነሳች ተፈተለከች። ቡናው ገና አቦል ነበር።