ቢያፈስም ቤት ነበር

የደሴ ሰዎች፣ የኮምቦልቻም፣ የሐይቅም፣ በየከተማው የበጎ ፈቃድ ማኅበር አቋቁማችሁ ቲሸርት ያሳተማችሁ ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ለእኛ ብል ይሻላል፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው እናት የተጠለሉበትን ድንኳን እያዩ ካለፉት መካከል ይህን የሚጽፈውም አለበት።

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ አንድ ማኅበር የአንዲት ባልቴት ቤት ሊያድስ ተነሣ። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። ማስታወቂያው ሦስት ነገር ይዟል፦ የአቅመ ደካማ ቤት እድሳት፣ የአዲስ በጎ ፈቃደኞች ምዝገባ፣ በነሐሴ መጨረሻ የአባላት እራት። ከሦስቱ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና መዋጮው ቁርጥ ብሎ የተጻፈው የእራቱ ብቻ ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብን።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰው መጣ። ባነር ተሰቀለ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። እናትየው በራቸው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ዕቃቸው ወጥቶ ግቢ ውስጥ ተከመረ። ከዚያ ማፍረስ። አርባ ሰው ለማፍረስ ምን ያንሰዋል? ገና ረፋድ ሳይሆን ጣሪያው ወረደ። ቆርቆሮውን በፌሮ እየፈነቀሉ ስለነቀሉት ሚስማሩ የወጣበት ሁሉ ተቀደደ፤ የስንት ዓመት ዝናብ የቻለ ክዳን በአንድ ሰዓት ለአጥር እንኳ የማይሆን ሆነ። ቀጥሎ ግድግዳው ተገፋ። ግድግዳ ሲወድቅ አቧራው ለቪዲዮ ያምራል መሰለኝ፣ ሁለተኛውን ግድግዳ ከመግፋታቸው በፊት ቪዲዮ የሚቀርጸው እስኪዘጋጅ ጠበቁት። በ6 ሰዓት የቀረው ወለሉና ምድጃው ነው።

አዲሱ እንጨት ገና ከገበያ አልመጣም። ቆርቆሮ እሰጣለሁ ያለው ነጋዴ አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩም አይነሣም። አናጢው በቃል እንጂ በውል ስላልተያዘ ያን ቀን ሌላ ሰው ጋ ይሠራል። 9 ሰዓት ላይ የሐምሌ ዝናብ እንደ ልማዱ መጣ፤ አርባው ሰው ወደየባጃጁ ሮጠ። ዕቃው ግቢ ነው። ዱቄቱ ራሰ፣ ፍራሹ ውሃ ጠጣ፣ ምጣዱ በግርግሩ ተሰንጥቆ ተገኘ። ድሩስ አብሮ ነበር፤ ያሰረው ግን አንዲት አሮጊት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ 11 ሰው መጣ፤ ስድስት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለው ተመለሱ። በሦስተኛው 3 ሰው። በአራተኛው ፍልሰታ ገብቷል ተባለ፤ ጾም ቤት መሥራት የሚከለክል ይመስል።

የደረሰላቸው ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። የዚያ ሰፈር ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ ይዟል፤ ዳኛው ስብሰባ ሳይጠራ ድንኳኑን አስወጣ። የለቅሶ ድንኳን ለቆመ ሰው ተተከለ። በማለዳ የሚያልፍ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ነሐሴን፣ ጳጉሜንን፣ መስከረምን እዚያ ከረሙ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲገባ ድንኳኑ ይነቀላል፣ እሳቸው ጎረቤት ይጠጋሉ፤ ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ይመለሳል፣ ይመለሳሉ። ክረምት ላይ ስንት ለቅሶ እንዳለ ታውቃላችሁ።

እራቱ በቀጠሮው ቀን ተበላ። በፕሮጀክተር የእናትየው ፎቶ፣ የባነሩ፣ የአቧራው ታየ። በዓመታዊ ሪፖርቱ «የታደሰ ቤት፦ 1» ተብሎ ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ዝናቡን የላከ ላከው። ስልኩን ያላነሣውን ነጋዴ ይቅር ማለት ይቻላል። ያንን ጭብጨባ ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። እናትየው ስለ ነገሩ አንዴ ብቻ ነው የተናገሩት፤ ቢያፈስም ቤት ነበር አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ስለ ሥራው። ቤቱን ያፈረሱት ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ቤት እንዴት እንደሚቆም የነገራቸው የለም፣ እነሱም አልጠየቁም።

የጭቃ ቤት ክረምት አይሠራም። በነሐሴ የተመረገ ግድግዳ በደሴ ብርድ አይደርቅም፤ ከማገሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ጭዱም ውስጥ ለውስጥ ይሻግታል። እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲሰበሰብ ይላላል፤ ማገሩ ይለቃል፣ ቋሚው ይጣመማል። ቤት የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የካቲት ሲገባ በልግ ሊመጣ ስለሚችል ወሎ ውስጥ ጊዜው ከሌላው አገር ያጥራል። ማኅበሮቻችን ሐምሌን የሚመርጡት ተማሪ የሚያርፈው፣ ሪፖርትም የሚጠየቀው ያኔ ስለሆነ ነው። ለሪፖርቱ የሚመች ወር ለጭቃው አይመችም።

ታዲያ ተማሪው ክረምት ላይ ምን ይሥራ? ሞልቶ! በቤቱ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ መውረጃ ይቆፍር፤ ብዙ ግድግዳ የሚወድቀው ከላይ በሚያፈስ ሳይሆን ከሥር በሚገባ ውሃ ነው። የላላውን የቆርቆሮ ሚስማር ነቅሎ ወፈር ያለ ከነጎማው ይምታ፤ ትንንሹን ቀዳዳ በቅጥራን ይድፈን፤ የበሰበሰ ቆርቆሮ ካለ አንዱን ብቻ ይቀይር። ደም ይለግስ፤ ከ18 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ፣ ከ45 ኪሎ በላይ ክብደት፣ ጤነኛ መሆን ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ይቻላል። ችግኝም ይትከል፤ ላስቲኩን ቀዶ አውጥቶ ከሆነ። ከነላስቲኩ ስለሚቀበሩት ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ቤት ከመፍረሱ በፊት መፍረስ እንዳለበት ይመርመር። የቋሚውን ሥር፣ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን፣ በቢላ ውጉት። ቢላው ከግማሽ ጣት በላይ ሳይቸገር ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ከአራቱ ማዕዘን ሁለቱ ጤነኛ ከሆኑ ጣሪያውን በደጋፊ እንጨት ይዞ የተጎዳውን ቋሚ አንድ በአንድ መለወጥ ይቻላል፤ ባለቤቱም ከቤቱ ሳይወጣ ይታደሳል። ያን ቤት የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ችግሩ በምዕራብ በኩል ሁለት ቋሚና አራት ቆርቆሮ ነበር። ሁለት ቋሚና አራት ቆርቆሮ!

የግድ ከፈረሰም ዕቃው ሁሉ ግቢ ሳይገባ አንድ ሚስማር እንኳ አይነቀል። በኪስ ያለ ብርና ቃል የተገባ ብር በአንድ መስመር አይጻፍ፤ በተስፋ ሚስማር አይገዛም። ለ4 በ5 ሜትር ቤት ሒሳቡ ይህን ያህል ነው፦ ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ ቋሚው በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቢቆም 60 ገደማ፣ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ያላነሰ፣ 60 ሳንቲ ሜትሩ የሚቀበር። የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ይለብለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባ፤ ዙሪያው በጠጠር ይጠቅጠቅ። ክፈፉ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ከወጣ ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ 24 ይበቃል፤ የጣሪያው አናት መክደኛ፣ ኮልሞ የሚባለው፣ ለ6 ሜትር፤ የቆርቆሮ ሚስማር ወደ 2 ኪሎ። ነጋዴ ሲለግስ ጌጁን ጠይቁት፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ በረዶም የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ሲመታ ሚስማሩ በጉብታው ላይ ይሁን፤ በጎድጓዳው የተመታ ሁሉ ውሃ ያስገባል። ጎን ለጎን አንድ ተኩል ሞገድ ይደራረብ፣ ከላይ ወደ ታች 15 ሳንቲ ሜትር።

ጣሪያው ሳይከደን ጭቃ አይነካ። ጭቃው ለዚህ ቤት 6 ሜትር ኩብ ያህል ይፈጃል፤ በክብደት ወደ 10 ቶን ማለት ነው፣ ሁሉም በባሬላና በባልዲ የሚመላለስ። ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ማፍረስ የግማሽ ቀን ጨዋታ ነው፤ ጭቃ መርገጥ እግር ይበላል፣ ፎቶም አያምርበትም። ስለዚህ አርባ ሰው ለአንድ ቅዳሜ አትጥሩ። ሁለት አናጢና ስምንት ሰው ለአምስት ቀን፣ ለምርጊቱ ሁለት ቀን ሃያ ሰው፣ ለልስኑ ደግሞ አሥራ ሁለት። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ቀዩን ፈልጉ። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ይቆይ፣ እንደገና ይረገጥ፣ ከዚያ ይመረግ። የመጀመሪያው ምርጊት ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መሰንጠቅ አለበት፤ አትደንግጡ፣ ልስኑ የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው።

የወረቀቱን ነገር ማንም አይወደውም። የቀበሌ ቤት ከሆነ ያለ ቀበሌው ፈቃድ መንካት አይቻልም፤ የግል ከሆነ የጋራ ግድግዳ ያለው ጎረቤት አስቀድሞ ይስማማ፤ ድንበር የሚገፋው ግድግዳ በፈረሰ ማግስት ነው። ባለቤቱ የት እንደሚያድሩ፣ ዕቃቸው የት እንደሚቀመጥ፣ ሥራው ቢቆም ማን እንደሚጠየቅ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ይፈረም።

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገንም፤ ቅሬው ያውቀዋል። ቅሬ መዝገብ አለው፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የታመመ ምትክ ይልካል። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። የእኛ ማኅበር ግን በጎ ፈቃድ ነው ብሎ የቀረውን አይጠይቅም፤ በጎ ፈቃድ ለመግባት እንጂ ለመቅረት የተሰጠ ይመስል እንቀራለን። አባቶቻችን ጅጌ፣ ማለት ደቦ፣ ሲጠሩ ማረሻውም በሬውም ጠላውም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ሥራው ያለቀ ቀን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፤ ማንም ነውር አላለውም። እኔም እራት አትብሉ አላልኩም። ቡናው ከታደሰው ቤት ይፈላ፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እዚያው ይጠጣ፤ የአባላት ግብዣ ከዚያ የበለጠ አዳራሽ የለውም።

አዳራሽ ካልን፣ ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር ማብሊያ አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። በእሱ የሚኮራ ከተማ ሰው በድንኳን አስቀምጦ በሰውየው ፎቶ ፊት ይበላል?

ደግሞ ፎቶው። በ1966 ረሃብ ሥዕላችን በዓለም ዞረ፤ በጥቅምት 1977 ደግሞ ያኔ የወሎ ከነበረችው ከኮረም የወጣው ዓለምን አስለቀሰ። እህል መጣልን፣ አይካድም። ግን ከእነዚያ ሰዎች ስሙ የተጻፈለት ስንቱ ነው? ችግሩን እያሳየ በካሜራ ፊት መቆም ምን እንደሆነ ከወሎ ሰው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ ካሜራውን እኛ ያዝንና ያንኑ አደረግን፤ ያውም እህል ሳናመጣ። አንዲት እናት ጣሪያዋን ሰጥታ ፎቶ ተነሣች።

ያሳፍራል። ያጨበጨቡት ብቻ አይደሉም፤ ዝም ብለን ያለፍነው እንብሳለን። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ፣ ሰኞ ገበያ ስንወርድ፣ ድንኳኑ ፊት ለፊታችን ነበር። እነዚያ ይመለሱበታል አልን። ቀበሌው ያየዋል አልን። በመጨረሻ ዓይናችን ለመደው፣ ድንኳን መሆኑም ቀረ። ከመካከላችን አናጢ አለ፣ ቆርቆሮ ሻጭ አለ፣ ሁለት ቋሚ ከግቢው የሚቆርጥ ሞልቷል።

ጥቅምት ሲጠባ ቅሬው ጅጌ ጠራ። ከአርባው ስድስቱ መጡ። ያለ ቲሸርት ነው የመጡት፤ አንደኛው ከባነሩ ሥር ቆሞ ያየሁት ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ። ምንም አላልኩትም፤ ምን ይባላል። ቆርቆሮው ከቅሬው ሣጥንና ከሰፈርተኛው ተገኘ፤ ስልኩን ያላነሣው ነጋዴም ዘግይቶ አምስት ላከ፣ 28 ጌጅ ነው፣ ይመዝገብለት። ጣሪያው ተከደነ፣ ምርጊቱ ገባ። እናትየው ገና ባልደረቀው ቤት ገብተዋል፤ ድንኳኑ ወደ መጋዘኑ ተመልሷል።

አሁን ኅዳር ነው። ምርጊቱ እንደሚገባው ተሰንጥቋል፤ ልስኑ ቀርቷል። የሚፈለገው አሥራ ሁለት ሰው ለሁለት ቅዳሜ፣ ስድስት ባልዲ፣ ሁለት አካፋ፣ እበት የሚያመጣ አንድ ጋሪ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመራል፤ በ9 ይበቃል። የማይመች ሰው ምትክ ይላክ፣ ስሙ ግን ለቅሬው ጸሐፊ አስቀድሞ ይነገር። ስንት ሰው እንደሚመጣ አላውቅም፤ ከዚህ በፊት ቆጥሬ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ጭዱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘፍዝፏል።