«እኔ እኮ ሰባተኛ ነበርኩ»

የአዲስ አበባ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለኃላፊዎች አይደለም። ለእነሱ ብዙ ተጽፏል። ለእናንተ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት አብራችሁኝ ለተሰለፋችሁት፣ እንደዚያ ያለ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ለምታውቁት ሁሉ።

መሀል ከተማ ያለ አንድ ወረዳ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ጉዳዬ መታወቂያ ማሳደስ ነበር። በጠዋት ያልደረሰ ተራ እንደማያገኝ ስለማውቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ደረስኩ። ሰባት ሰዎች ቀድመውኛል። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ስም ይጻፋል። ከእኔ ፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት፣ እስቲ ስሜን ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ሰባተኛ። ከሥራቸው ደግሞ የራሴን፣ ስምንተኛ።

በሩ እስኪከፈት ሦስት ሰዓት ተኩል አለ። ብርድ ነው። አወራን። ፒያሳ አካባቢ ቀበሌ ቤት ነው ልጅ የወለዱትም ያሳደጉትም። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እድሩ ተበተነ። አዲሱ ወረዳ መሸኛ አምጪ ይላቸዋል፣ የድሮው ወረዳ ደግሞ ፋይልሽ አልተገኘም፣ ነገ ተመለሺ ይላቸዋል። ይህ አራተኛ ቀናቸው ነው። ከሩቅ ተነስተው በጠዋት መድረስ ስለማይችሉ ማታውን የእህታቸው ልጅ ቤት አድረው ነው የመጡት። በፌስታል የያዙትን አሳዩኝ፦ ቢጫ የሆነ የድሮ መታወቂያ፣ በላስቲክ የታሰረ የቤት ኪራይ ደረሰኝ። ደረሰኙን በዓመት በዓመቱ ለይተው አስረውታል። አንድም አልጎደለም።

ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ወረቀቱን ተቀበለና «ተዝረክርኳል፣ ልገልብጠው» ብሎ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ጀመረ። ሁላችንም አየነው። ማንም ምን እየጻፍክ ነው አላለውም። 2፡30 ላይ ጥበቃው ስም መጥራት ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ከተጠሩ በኋላ ሌሊት ያላየናቸው ሰዎች ስም መጣ። እኔ አሥራ አንደኛ ተጠራሁ። የእሳቸው ስም የለም።

«እኔ እኮ ሰባተኛ ነበርኩ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ከኋላ ጩኸት ተነሳ። «እማማ ሥራ አያስፈቱን!» «ሌላ ቀን ይምጡ!» አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ብቻ «ኧረ እኚህ እናት ቀድመውኝ ነበሩ» አለች፣ እሷንም ዝም አሰኟት። ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ይኼ ልጅ ነው የጻፈልኝ፣ ጠይቁት።»

ጥበቃው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩ።

አንድ ቃል ነች። አውቃለሁ ብል ዝርዝሩ ይሰረዛል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ የእኔም ቀን ይበላሻል ብዬ ነው። በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሰው ለክፋት እንዴት ፈጣን ነው! እሳቸው ምንም አላሉኝም። ፌስታላቸውን ቋጥረው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ መጨረሻ ላይ ሠላሳ ምናምነኛ ተብለው ተጻፉ። እኔ 5 ሰዓት ላይ ጨርሼ ወጣሁ። ስወጣ «ሲስተም ሄዷል፣ ከሰዓት ተመለሱ» ይባል ነበር። አሁንም እዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው። በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

እስቲ ንገሩኝ፣ የቱ ባለሥልጣን ነው ይህን ያደረገው? መሸኛ አጥተው መመላለሳቸው የቢሮው ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ወረቀቱን የቀደድነው እኛ፣ ተራውን ያወጣነው እኛ፣ የሰረቅነውም እኛ ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ስለዚህ አንቀጽ ቡና እየጠጣሁ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ያቺ የደብተር ወረቀት በእጃችን የነበረች አስተዳደር ናት። እሷን እንኳ ሁለት ሰዓት ከሩብ ድረስ ነው ያቆየናት።

ቀበሌ በ1967 ሲቋቋም በአዋጁ ላይ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ማኅበር! በኋላ ምን እንደሆነ፣ ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ፣ ከወላጆቻችን ሰምተናል። ከዚያ ከቀበሌ በላይ «ከፍተኛ» የሚባል መጣ፣ በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች፣ ኋላ ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆነ። ቀበሌው ወረዳ ተባለ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ «ቀበሌ ልሂድ» ነው የምንለው። ታፔላ በተቀየረ ቁጥር አሁን ይሻላል እንላለን። በሩ ላይ የምንሰለፈው ግን ያው እኛ ነን፤ «ወረዳ ውስጥ ሰው አለህ?» ብለን ስልክ የምንደውለው፣ ለጉዳይ አስፈጻሚ ከጓሮ የምንከፍለው፣ ከፊታችን ያለው ሰው ሲገፋ አንድ ቦታ አገኘሁ የምንለው።

እናንተ የጮኻችሁ፣ እናት የላችሁም? ጠይቄ ስጨርስ አፍራለሁ፣ ምክንያቱም የእኔ እናት በሕይወት አለች፣ እሷም መነጽሯን ትረሳለች።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። አልነበሩም። ሐሙስም። ጥበቃውን ጠየቅኩት፣ አላስታወሳቸውም። ስንቱን ያስታውስ። ስማቸውን አውቃለሁ፣ በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ስልካቸውን ግን መጠየቅ አላሰብኩም።

ያቺ ልጅ ያዘለች እህት ይህን ካነበብሽ፣ አንቺን ሰምቼሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ተራሽም ከእኔ በጣም ኋላ ነበር። ሁለት ብንሆን ጥበቃው ይሰማን ነበር። ሦስት ብንሆን ያ ወጣት ወረቀቱን አይነካም ነበር። ብዙ አልጠይቅም፣ ደክሞኛል። ሌሊት የተጻፈውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሲገለበጥ አጠገቡ ቁሙ።

ሰኞ በ11 ሰዓት እዚያው በር ላይ ነኝ። ጉዳይ የለኝም። እስክሪብቶ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከመጡ በደረሱበት ቁጥር እጽፋቸዋለሁ፣ ስማቸው እስኪጠራም ከወረቀቱ አልለይም።